በቡና የተዋጠ ክኒን

ሰፈሩ «ተኳሿ» ይላታል። መሣሪያዋ ካውያ ነው፤ ላውንደሪ ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። «ተኩሼ የሳትኩት የለም» እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች።

የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ግን ሳቋ ጠፋ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከንፈሯ ገረጣ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ደሟ አንሷል ተባለ፤ የብረት ክኒን ተሰጣት።

«ቀኑን ሙሉ ብረት ጨብጬ እየዋልኩ ብረት አነሰሽ ይሉኛል!» አለች ለአማቷ።

አማቷ አብረዋት ነው የሚኖሩት፤ እንደ ወለዷት ልጅ ይሳሱላታል። ክኒኑን ማስዋጥ የእሳቸው ሥራ ሆነ። በየማለዳው ክኒኑን በአንድ እጅ፣ ወፍራም ቡና በሌላው ይዘው አልጋዋ ድረስ ይመጣሉ።

«ዋጪ ልጄ። ክኒኑ ያቅለሸልሻል፤ ቡናው ያወርድልሻል።»

ቡናው ለጊዜው ዓይኗን ይገልጥላታል፤ ሁለቱም መድኃኒቱ የሠራ መሰላቸው። ክኒኑ አልቆ ሌላ ተተካ። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ነጣች። ጥፍሯ ላይ የነበረው ቅላት ጨርሶ ጠፋ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ዓይኗ ጨለመባት። የላውንደሪ ቤቱ ባለቤት የሚያርር ጨርቅ ሸትቷት ሮጣ ስትገባ ሸሚዙ ከካውያው ሥር ይጨሳል፤ ተኳሿ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ሽታው አልተሰማትም።

በነጋታው አማቷ ይዘዋት ጤና ጣቢያ ሄዱ። አዋላጇ የደሙን ውጤት ደጋግማ አየችው።

«ክኒኑን ትውጫለሽ?»

«አንድም ቀን አላጓደልኩም።»

«በምንድን ነው የምትውጪው?»

«በቡና ነዋ! እኔው ነኝ የማስውጣት» አሉ አማቷ ኮራ ብለው።

አዋላጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ቡና እኮ አብዛኛውን ብረት ደሟ ውስጥ እንዳይገባ ያስቀርባታል። ከእንግዲህ በውሃ ትዋጠው።»

«ይኸው ከዛሬ ጀምሮ በውሃ!»

«ጥሩ። ግን መውለጃዋ ደርሷል፤ ደም በአንዴ አይሞላም። ምጥ ሲጀምራት ቤት እንዳታቆዩአት፤ ቀጥታ ሆስፒታል።»

በማግስቱ ማለዳ አማቷ በቡናው ፈንታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው መጡ።

ምጡ ከተባለው ጊዜ ቀድሞ መጣ። ሆስፒታል እንደደረሱ ሴት ልጅ ተወለደች፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ባሏ ደም ሊሰጥ ሮጠ። አማቷ ኮሪደር ላይ የነርሷን እጀታ ጨምድደው ያዙ።

«ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት?»

«ደም እየተሰጣት ነው። ይቀመጡ፣ እማማ።»

አልተቀመጡም።

ተኳሿ ተረፈች። አማቷን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰቻቸውም፤ እሳቸው ግን ዓይኗን ማየት አቃታቸው። ሕፃኗ አታለቅስም፤ ጡት ትንሽ ስባ ይደክማትና ትተኛለች። ጎረቤት «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያለ ያደንቃል።

ለክትባት የወሰዷት ቀን አዋላጇ የሕፃኗን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች፤ ውስጡ ነጭ ነው። ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ።

«ክትባቱ ይቆየን» አለች። «መጀመሪያ የዚችንም ደም እንይ።»