ከአዝማሪ ላቀው ጋር ደብረ ታቦርን ማለፍ

ይህ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። በዚያ ዘመን የተዋጉ፣ የቆሰሉ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ሞልተዋል፤ እኔ የምጽፈው ግን አንድ አዝማሪ አንዲትን ከተማ አቋርጦ ስለ ማለፉ ነው። ጥይት አልተተኮሰበትም፣ ጀግናም የለበትም። ሆኖም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ያደረግነውን አንድ ጉዞ ለትምህርት ቤታችን ጋዜጣ እንድንጽፍ ታዘናል፤ እኔም ከዚህ የበለጠ የማስታውሰው መንገድ የለኝም። ስለዚህ አንባቢዎቼ እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ባለታሪኩም «ጻፈው፤ ግን መላእክት እንዳትጨምርበት» ብለው ፈቅደውልኛል።

ጥር 18 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ከእብናት

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ያን ጊዜ እብናት የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። እኅቴ ጥሩነሽ ጥር 22 ቀን ልትዳር ስለሆነ አባቴ ከአንበሳሜ «አዝማሪ ላቀውን ይዘህ ና» ብሎ ልኮብኛል። አባቴ ከጠላት በፊት የእሳቸውን መሰንቆ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሌላ አዝማሪ አይጥመውም።

አያ ላቀው ግን ወዲያው እሺ አላሉኝም። «ደብረ ታቦርን ብቻዬን አላልፋትም» አሉኝ። ምክንያቱን እብናት ውስጥ የማያውቅ የለም። ጣሊያን በገባ ዓመት ገበያ መሐል ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ቀኝ እግራቸውን ሰብሮት፣ ሰዎች በቃሬዛ ደብረ ታቦር አድርሰዋቸው፣ በጣሊያን ሐኪም ቤት ተኙ። ለሥቃዩ መርፌ ይወጓቸው ነበር። ነጮቹ ሞርፊና ይሉታል። እግሩ ዳነ፤ መርፌው ግን አልለቀቃቸውም። ሁለት ዓመት ያህል ለመኮንኖቹ እየተጫወቱ፣ በገንዘብ ፈንታ መርፌ እየተወጉ ኖሩ። በመጨረሻ አንድ ቀን መጠኑ በዝቶባቸው ሞቱ ተባለ፤ ተገንዘው ፍትሐት ሲደረግላቸው ነቁ። ወንድማቸው ጣራ ገዳም ወስዶ በጠበል አቆያቸው። ከዚያ ወዲህ አልተወጉም።

«አንዴ ከቀመስኩ ሁለተኛ አልወጣም» አሉኝ። «በዞረው መንገድ እንዳልሄድ ሠርጉ ያልፋል። ይዘኸኝ የምታልፍ ከሆነ እመጣለሁ።»

«እይዝዎታለሁ» አልኳቸው።

«አየህ፣ አዝማሪ አንቱ ሲባል ዛሬ ሰማሁ!» ብለው ሳቁ። «በል ተሜ፣ መሰንቆዋን አንተ ተሸከም። ያለ እሷ እዚያ ሐኪም ቤት ማንም አያስገባኝም።»

መንገዱ ቁልቁል ነው። የማሽላ አገዳ የቆመበት ማሳ፣ ግራር፣ ጉልበት የሚደርስ አቧራ። አያ ላቀው በቀኝ እግራቸው ያነክሳሉ፤ እኔም እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ርብ ወንዝ ዳር ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ በክረምት ግን ሰው ይወስዳል ይላሉ።

ማታ አንድ ገበሬ ቤት «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብለን ገባን። ሰውየው አባ ገላው ይባላሉ። ቂጣና እርጎ አቀረቡልን። መሰንቆዋን አይተው ስም ጠየቁ። «ላቀው» ሲሏቸው ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«ሞቶ የተነሣው?»

«እሱ ነኝ።»

«እንግዲያ ያየኸውን አውራና! ገነት እንዴት ነች? አባቴን አላየኸውም? ረዘም ያለ፣ ጠይም ሰው ነው።»

አያ ላቀው ደክሞኛል ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። የቤቱ እመቤት ሕፃኗን ከእኛ በኩል አንሥታ ወደ ግድግዳው ስታስተኛ አየሁ። እሳቸውም አይተዋል።

ጥር 19 ቀን፣ ወደ ደብረ ታቦር

ዳገቱ ከጠዋት ይጀምራል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ የገብስ ክምር በየአውድማው ቆሟል። እኔም እንደ አባ ገላው ለማወቅ ጓጉቼ ነበርና እያፈርኩ ጠየቅኋቸው።

«እውነት ምን አዩ?»

«ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ አወራላቸው ነበር። የእሳት ባሕር፣ የወርቅ ደጅ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ። ጠላ ይቀዱልኝ ነበር። ንስሐ ስገባ ተውኩት።»

«እውነቱስ?»

«እውነቱማ ጆሮዬ ብቻ ቀረ። ዐይኔ አይገለጥ፣ አውራ ጣቶቼን አስረዋቸዋል። ቄሶቹ ያደርሳሉ። አንዲት አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፤ ቤት አይመታላትም! በ‹ላቀው› ጀምራ በ‹ገደል› ትጨርሳለች። እኔ በሕይወቴ ቤት ሳልመታ ያደርኩበት ቀን የለም፤ ለቀብሬ እንዲህ ያለች ትምጣብኝ? ልንገራት ልንገራት ስል ነው ያቃሰትኩት። ሰዉ ሁሉ በረረ። ሬሳውን ማን ያስታውሰው!»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ዳገቱን ሳንጨርስ አለቀ።

«ከዚያ በፊት ግን፣ ተሜ፣ ማንም አልነበረም። ጨለማም አልነበረም፣ ብርሃንም አልነበረም። እናቴ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኋት። አልመጣችም።»

ጨዋታቸው በመርፌው ዘመን ይሻል ነበር የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ነገርኳቸው።

«እኔም ይመስለኝ ነበር። ስወጋ ሰውነቴ እንደ ሞቀ ቤት ይሆናል፤ የጠላሁት ሰው አይኖርም፤ የሞቱብኝም ሁሉ አጠገቤ ናቸው። ጣቴ ብቻ እንጨት ነው። ነጮቹ ያጨበጭባሉ፤ ቃሉን ግን አይሰሙትም። እኔም አልሰማውም ነበር። ሁለት ዓመት ለማንም ተጫወትኩ።»

ቀትር ላይ ደብረ ታቦር ደረስን። በከተማዋ መግቢያ እሾሃማ ሽቦ ተዘርግቷል፤ አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ይለፍ ይጠይቃሉ። ገበያው ጭር ብሏል። ጨው ሻጮቹ ሊሬውን አገላብጠው ያዩና «ጠገራ ብር የለህም?» ይላሉ። ሐኪም ቤቱ መንገዱ ላይ ነው፤ በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊቱ ባሕር ዛፍ። ሌላ መንገድ የለም። አያ ላቀው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ከጎኔ ይሄዳሉ።

«ወይ ጉድ! ሙት ሲሄድ!»

የጮኸው በሩ ላይ የቆመ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። አለሙ የሚባለው አስታማሚ ነበር፤ ያን ዘመን ሁሉ መርፌውን የሚወጋቸው እሱ ነው። አጠገቡ የነበሩ አስካሪዎች መሰንቆዋን ከትከሻዬ አውርደው ለአያ ላቀው ሰጧቸው። «ሳትጫወት አታልፍም» አሉ።

ወገኖቼ እንደሚያውቁት አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም መቀበል ግዴታው ነው። ስድብም ቢሆን ደግሞ ይዘፍነዋል። አለሙ እጁን አጣጥፎ፦

«ተቀበል!
ከመቃብር አፋፍ ተመለሰ አሉኝ፣
መርፌዋ ታማለች ናፍቃህ በሉልኝ።»

አስካሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አያ ላቀው ቃሉን ሳያዛቡ ተቀበሉ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። ከዚያ ጭራውን ሳብ አድርገው የራሳቸውን ጨመሩ፦

«ብትታመም ትሙት አልጠይቃትም፣
ቀብራኛለችና እኔ አልቀብራትም።»

አንዱ አስካሪ «ወንድ!» ብሎ አለሙን ጎሸመው። እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም። አለሙ ሳቁን ትቶ ቀረብ አለና በለሆሳስ «ግባ ላቀው። ዛሬ በነፃ ነው» አላቸው። በሩንም ገፋ አድርጎ ከፈተው። ከውስጥ የመድኃኒት ሽታ ወጣ።

አያ ላቀው አልተንቀሳቀሱም። በዚያ ብርድ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ደኅናው እግራቸው ወደ በሩ ዞሯል።

«ተሜ» አሉኝ፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ሳበኝ።»

መቀነታቸውን ጨብጬ ሳብኳቸው። በታላቅ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው፤ ግን ጎተትኳቸው። እግራቸው መሬቱን እየፋቀ መጣ። ከኋላችን «አህያህን ንዳ!» እያሉ ይስቁብናል። ባሕር ዛፎቹ ከዐይናችን እስኪጠፉ አለቀቅሁም። ከሽቦው ውጪ አያ ላቀው ተቀምጠው አስመለሳቸው። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ። ውኃ ላቀርብላቸው ስል በእጃቸው ተው አሉኝ።

ጥር 20 ቀን፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግረን

ጉና ተራራ ከኋላችን ቀርቷል። ከየአውድማው ጤፍ ሲወቃ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ በሬዎቹን እየዘፈኑ ያዞሯቸዋል። አያ ላቀው ቆም ብለው ያዳምጡና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ከመምሸቱ በፊት አንበሳሜ ገባን።

ጥር 22 ቀን፣ አንበሳሜ

ሠርጉ ደመቀ። አያ ላቀው ከዳሱ መግቢያ ተቀምጠው ተጫወቱ፤ አባቴ ሻሽ አውልቆ ጠመጠመላቸው፣ ሲያዳምጣቸውም አለቀሰ። ጣታቸው እንጨት አልነበረም። ሰው ግን ሲጨፍር ቀርቦ፣ ሲበላ ራቅ ይላል። ከጎናቸው ያለው መደብ ሌሊቱን ሁሉ ባዶ ነበር። አንድ ሰካራም «የሲኦሉን ዝፈንልን!» ቢላቸው ሙሽራዋን አወደሱ።

ጥር 23 ቀን

ስነቃ የሉም። የመልሱን ድግስ እስክጨርስ እንዲቆዩኝ፣ ከዚያ አብረን እንድንመለስ ለምኛቸው ነበር። እናቴን «ተቀምጬ ያቺን በር ካሰብኩ ተሜ አይስበኝም። በፎገራ ዞሬ እሄዳለሁ» ብለዋት ነው የወጡት። ሮጬ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ከሩቅ፣ በምዕራብ በኩል፣ ሜዳውን የያዘ አንድ ነጭ ጋቢ ያነክሳል። ጠራሁ፤ አልሰሙኝም። ያ መንገድ በጣራ ገዳም ሥር ዞሮ እብናት እስኪደርስ ለጤነኛም ሰው አድካሚ ነው፤ ሽፍታም አያጣም።

ጥር 28 ቀን፣ ስመለስ

ደብረ ታቦርን ብቻዬን አለፍኩ። አለሙ ከበሩ ላይ «ሙቱስ?» አለኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። እብናት ስደርስ የአያ ላቀው ቤት ዝግ ነው። በየማታው ሄጄ እያየሁ ተመለስኩ። በመጨረሻ እግራቸው እንደ ቅል አብጦ ገቡ።

«ከእንግዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ሊዞሩ ነው?» አልኳቸው።

«ያቺ የመርፌ ቤት እስክትዘጋ ድረስ» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። በደብረ ታቦር ማዶ ሠርግ በተጠሩ ቁጥር ዞሩ። አንዳንዱን ሠርግ አልደረሱበትም፤ ሰውም ቀስ በቀስ ሌላ አዝማሪ መጥራት ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በክረምት መግቢያ ላይ፣ ጣሊያን ከደብረ ታቦር ወጣ ተባለ። ሠርግ የለም፣ የጠራቸውም የለም። አያ ላቀው ርብ ሳይሞላ ብለው መሰንቆአቸውን ሳይዙ በትር ብቻ ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«በሩ ክፍት ነበር» አሉኝ። «አላየሁም አልልህም፤ ገባ ብዬ አየሁ። አልጋውንም ሰው ወስዶታል። በዚያ በኩል ከከተማው ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ተነሥቼ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ አለፍኳት።»

«ማን አብሮዎት ነበር?»

«ማንም።»

ሐምሌ 5 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር።