ዘፈን አይደለም፣ ጩኸት ነው

እናቴ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፤ መዝሙርና ዘፈን። መዝሙር የጌታ ነው፣ ዘፈን የዓለም ነው፣ አለቀ። ጊታር ያስተማረኝ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ነው። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የፓንክ ባንድ ውስጥ መግባቴን ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ትዘፍኛለሽ?»

«አልዘፍንም እማዬ፣ እጮሃለሁ» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ፓንክ ፈጣን፣ አጭርና ጩኸት የበዛበት ሮክ ነው፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ለዜማ ስለማይሆን ኳየር ውስጥም ከኋላ ነበር የሚያቆሙኝ። ግን ብልጠትም ነበረበት። በእናቴ ቤት ዘፈን እንጂ ጩኸት ነውር አይደለም። እሷና የጸሎት ጓደኞቿ ሲጸልዩ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሙሉ ብሎክ ይሰማቸዋል።

«መጥቼ አየዋለሁ» አለች። «ዘፈን ሆኖ ካገኘሁት ግን፣ ልጄ ነሽ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

አባቴ ከሞተ በኋላ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። በጣም ፈራሁ።

ፌስቲቫሉ የተደረገው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላፍቶ፣ ሥራ ባቆመ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ስፖንሰር የለን፤ እኛው ባንዶቹ ወንበር ተሸክመን፣ ስፒከር ተውሰን ነው ያዘጋጀነው። ከእኛ በፊት አንድ የአርት ሮክ፣ ማለትም ሙከራ የሚያበዛ የሮክ ባንድ አንዱን ሥራ ሃያ ደቂቃ ሲጫወት ቆየ፤ አንደኛው ልጅ በማሲንቆ ደጋን የውሃ ጀሪካን ይፈገፍጋል። እኔ እንኳ አልገባኝም። እናቴ በበሩ ብቅ ያለችው ልክ እሱ ሲፈገፍግ ነው።

«ማዘርሽ መጡ፣ አለቀልን!» አለኝ ድራመራችን። እሱም የእኛው ኳየር ያፈራው ነው።

በር ላይ እንግዳ የምትቀበል አንዲት ልጅ ፊት ለፊት አስቀመጠቻትና ጆሮዋን እንድትደፍንበት ሶፍት ዘረጋችላት። «ጆሮዬ ደህና ነው፣ ተባረኪ» አለቻት እናቴ። የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፀጉሩን አረንጓዴ ከተቀባ ጎረምሳ አጠገብ ተቀመጠች። ጎረምሳው ከእኔ ይልቅ እሷን ሲያይ ዋለ፤ አልፈረድኩበትም።

የመጨረሻው ሥራችን ለአባቴ የሠራሁት ነው። ግጥም የለውም፤ «አባዬ» እያልኩ ሁለት ደቂቃ እጮሃለሁ። እሱ የተቀበረ ቀን ሙሾ አልነበረም፣ ደረት መምታትም አልነበረም፤ አማኝ ተስፋ እንደሌለው ሰው አያለቅስም ተብለን ነው ያደግነው። ኳየሩ ዘመረ፣ እኔ ጊታር መታሁ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ወግ ነውና ገና ከደጅ ዋይታ ሲጀምሩ፣ «ተዉ፣ ወደ ጌታው ነው የሄደው» ብላ ዝም ያሰኘቻቸው እናቴ ናት።

ስለዚህ ወደ ድራመሩ ዞሬ «የአባዬን እንዝለለው» አልኩት። በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማል! «የአባዬን» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ጀመረው።

ከተጀመረ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤ ዓይኔን የገለጥኩት ሲያልቅ ነው። ወንበሯ ባዶ ነበር።

ጊታሬን ጥዬ ሮጥኩ። ከግቢው ውጭ የቆርቆሮውን አጥር ተደግፋ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ዘፈን አይደለም እኮ!» አልኳት፤ እንባዬ ቀድሞኛል።

«አይደለም፣ ሰማሁት» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ። «ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ሊያለቅስለት መጥቶ ከለከልኩ። እኔ ራሴ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አንድ ቀን አልጮህኩለትም። ቀናሁብሽ፣ ልጄ።»

አጠገቧ አጥሩን ተደገፍኩ። ግቢው ውስጥ የሚቀጥለው ባንድ ጀምሮ አጥሩ ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ማንም አይሰማሽም» አልኳት።

ግራ ቀኟን አየች። ቦርሳዋን አስያዘችኝና አባቴን በስሙ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጠራችው።