ትራሽ ሜታል በመካነ ሰላም

መጀመሪያ ዘፋኙን ተዉት። ምን እንደሚል አይገባችሁም፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰውም አይገባውም። ከበሮውን ብቻ ስሙ። ትልቁ ከበሮ የሚመታው በሁለት እግር ነው፤ አንዱ እግር ሳያርፍ ሌላው ይቀበለዋል፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ክፍተት የለም። ጆሯችሁ አብሮ መሮጥ ሲለምድ ወደ ጊታሩ ሂዱ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጊታር ነው፤ ድምፁን ሆን ብለው ያሻክሩታል፣ የቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት እንደሚሻክረው። ተጫዋቹ ክሩን እየመታ እዚያው በመዳፉ ጠርዝ ያፍነዋል። ድግ ድግ ድግ ይላል። ትራሽ ሜታል በአጭሩ ይሄ ነው፦ የታፈነ ነገር ሲሮጥ። ዘፋኙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም አይዘፍንም፣ ይጮኻል።

ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ የለመደው ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሲመረቅ ዲግሪውንና አንድ ፍላሽ ይዞ ወደ ከተማችን፣ መካነ ሰላም፣ መጣ። በዲግሪው ሥራ አላገኘበትም፤ ፍላሹ ግን እስካሁን ይሠራል።

ወሎ የተወለደ ሰው ከዘፈን አገር ነው የመጣኸው ይባላል። አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታ። እሺ፣ ይሁን። እኔ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ስቀመጥ ትዝታ ምን ያደርግልኛል? የምናፍቀው ነገር መቼ ኖረኝና! ወንድሜ አንዱን ኢርፎን ጆሮዬ ውስጥ ከተተና «ይሄ ሙዚቃ አይዞሽ አይልሽም፤ እኔ የምወደው ለዚህ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። የጀመሩት ሥራ ፈት የፈረንጅ ወጣቶች ናቸው አለኝ። የሚጮኹት ስለ ጦርነት፣ ስለሚዋሹ ሹማምንት፣ ስለሚያብድ ሰው ነው። እስክስታ የሚመታው በትከሻ ነው፤ ይሄ በአንገት ነው። ጭንቅላታችሁን እንደማትፈልጉት አድርጋችሁ ትወረውሩታላችሁ።

ከዚያ ወንድሜ በባሕር ሄደ። እኛ ዘንድ በባሕር ሄደ ማለት በጅቡቲ ወጥቶ፣ የመንን አቋርጦ፣ ሳውዲ ሊገባ ሄደ ማለት ነው። መጨረሻ የደወለው ከየመን ነው። «ወደ ድንበሩ ልንነሳ ነው፣ ስንገባ እደውላለሁ» አለ። አልደወለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው አልን፤ ኔትወርክ መጣ። ታስሮ ይሆናል አልን፤ ከሳውዲ እስር ቤት የተመለሱ ልጆችን ወረኢሉ ድረስ ሄደን ጠየቅን፣ አላየነውም አሉን። እናቴ ግን አልተወችም። ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ትውላለች፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም። «እሱ ሲገባ ይህን ጣራ እንቀይረዋለን» ትላለች፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር። ተስፋዋ ያናድደኝ ነበር። ግን ቤታችንን ያቆመው ያው ተስፋዋ ነበር። አባቴም ሥራ የሚወጣው፣ እኔም እህል የምቀምሰው እሷን እያየን ነው።

ጎረቤታችን የሆነች፣ ፀጉር የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። አንድ አመሻሽ ይህን ሙዚቃ ላስለምዳት ብዬ ፍላሹን ስፒከር ላይ ሰካሁት።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ጥርሱን እየነቀሉት ነው?»

«ከበሮውን ስሚ አልኩሽ እኮ!»

«የምን ከበሮ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንጂ! ወፍጮ ቤት እንኳ ዱቄት ይሰጣል።»

«አንቺ ሠርግ ላይ ስትርገፈገፊ ማን ዱቄት ሰጠሽ?»

«ሂጂ ወደዚያ! እኔ ስርገፈገፍ ባል ይመጣል። በዚህ ግን ፖሊስ ነው የሚመጣው።»

ዘፈኑ መሀል ላይ ፍጥነቱ የሚረግብበት፣ ከዚያ ጩኸት ጥሶ የሚወጣበት ቦታ አለ። ጀማሪ የሚያዘው እዚያ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ «አሁን ጠብቂ!» ስላት መብራት ጠፋ። ስቃብኝ ወደ ቤቷ ሄደች። መብራት ሲጠፋ ስፒከር የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እኔም እንደተሰካ ትቼው ተኛሁ።

መብራቱ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ያ ስፒከር ደግሞ መብራት ሲያገኝ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኛ አገር ጎህ ሲቀድ የመርዶ ሰዓት ነው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው አስቀድሞ ጎረቤት ጋ ይደርሳል። ጎረቤት ይደብቃል፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው መጥተው ለቤተሰቡ ያረዳሉ። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ «ምንም የለም፣ ደህና ነው» ይላል። ምሎ ነው የሚለው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ከእኛ ቤት ጩኸት ሲወጣ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዘልዬ ተነስቼ ሶኬቱን ስነቅል ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ደረታቸውን ይመታሉ፣ የወንድሜን ስም እየጠሩ ዋይ ይላሉ። እናቴ ለኪዳን ልትሄድ ለብሳ ነበር። ደጃፉ ላይ ቀረች።

«ሙዚቃ ነው!» አልኩ። «መብራት መጥቶ ነው፣ ስፒከሩ ነው!»

መጀመሪያ የገባት ጓደኛዬ ናት። «ውይ፣ ያ ወፍጮ ቤት ነው!» ብላ ጮኸች። ለቅሶው ቀስ እያለ ቆመ። አንዱ ሳቅ አመለጠው። አንዷ «እግዜር ይይልሽ፣ አንቺ ልጅ» አለችኝ። ሁሉም በስህተት እንደመጣ ገባው፣ ከእናቴ በቀር።

«ማን ሞቶ መስሏችሁ ነው?» አለች።

ሴቶቹ የዘቀዘቁትን ነጠላ ማቃናት ጀመሩ።

«እዚህ ቤት አባቷ አለ። እኔ አለሁ። ይቺ አለች። ካላወቃችሁ የእሱን ስም ለምን ጠራችሁ?»

እናቴን ከልጅነቷ የሚያውቋት ሙስሊም ጎረቤታችን ጠጋ ብለው ትከሻዋን ያዙ። «ልጄ፣ ወላሂ የሰማነው የለም። ጩኸት ሰምተን ነው የሮጥነው።»

«አይማሉብኝ፣ እትዬ። የእርስዎ ወንድም ጅዳ ላይ የሞቱ ጊዜ እኔ ደህና ናቸው ብዬ አልማልኩልዎትም?»

እጃቸውን ከትከሻዋ አነሱ። እውነቷን ነው፤ መርዶው እስኪነገራቸው እህል እንዲቀምሱ ብላ በመድኃኔዓለም ምላላቸዋለች።

ከዚያ ወዲያ የሚመልሳት ቃል ጠፋ። የማያውቅ ሰው «አላውቅም» ይላል፤ የሚያውቅም የሚለው ያንኑ ነው። አባቴ ተቆጣ፣ ከዚያ ለመነ። የነፍስ አባታችን መጥተው «ወሬው ሳይረጋገጥ ፍትሐት አይደረግም» አሏት። «እርስዎም ሰምተዋል ማለት ነው» አለቻቸው። የሰፈሩ ቅሬ፣ እድራችን፣ ሞት ሳይሰማ ድንኳን አልተክልም አለ። እሷ ግን ጥቁር ለብሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የሚመጣ ሰው ምን ይበላት? «እግዜር ያጥናሽ» ቢል መርዶ ነገራት ማለት ነው። «አይዞሽ፣ ይመጣል» ቢል ደበቃት ማለት ነው። ሰው መምጣት ቀነሰ። መቅረታቸውንም ማስረጃ አደረገችው። አንድ ጠዋት ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። «ለሙዚቃሽ ይሁንሽ» አለች። ለነገር አልነበረም፤ በቃ አላስፈለጋትም።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ፣ ለእሱ ነው የጀመርኩት። ንዴት ያወጣል፣ ሰምተሽ ስትጨርሺ ይቀልልሻል የሚሉ አሉ። እኔን አልቀለለኝም፤ እናንተም አትጠብቁ። ዘፈኑ ያልቃል፣ ጆሮ ትንሽ ይጮኻል፣ ሰው የነበረበት ቦታ ነው ያለው። አሁን በኢርፎን ነው የምሰማው፣ በእናቴ ስልክ። ሲም ካርዱን አላወጣሁትም።

ትናንት ጓደኛዬ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች እንጂ አትናገርም። ኢርፎኑን አወጣሁ።

«ምን ሆነሻል? ለምን ዝም አልሽ?»

«ጆሮሽ ተደፍኖ ከማን ጋር ላውራ? እስክታወጪው ነው የጠበቅኩት።»

ትክክል ነበረች። ደግሞም ያን ጠዋት ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ የተሰማው ሙዚቃ ብቻ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ፊቷን አየሁት፣ እናቴ የሰውን ፊት እንደምታየው።

«የሰማሽው ነገር አለ?» አልኳት።

«ምንም የለም፣ እመቤቴን!» አለች።

ምን ነበረበት ሳትምል ብትነግረኝ።