የተጠመቀው ባቡር

ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር የዚያን ቀን ጅልነቴ አፍንጫዬን ይዞ ይጎትተኛል፤ ሰው ሞተርን ናፍጣ ይሞላል፣ እኔ ብልሁ ጠበል ሞላሁት።

በእኛ በላስታ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነበር። አባቴ ግን በወጣትነቱ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ስለነበር፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ሥራ ሴቶች ከገደሉ ሥር ድንጋይ በጀርባቸው ሲያመላልሱ እያየ፣ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳችን ላይ በከሰል ሐዲድ ሲስል ይውል ነበር። መስቀል እንዳለፈ የገበሬ ማኅበሩን የወፍጮ ሞተር ለምኖ ነቀለ። በጋውን ከባሕር ዛፍ ሐዲድ ጠርቦ፣ ሞተሩን አራት የብረት ጎማ ላይ ጭኖ ሲለፋ፣ በእጅ ወደ መፍጨት የተመለሱት ሴቶች «ባቡሩን ባቡር ሊያደርገው ነው አሉ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። «ጓድ፣ ሞተሩ የሕዝብ ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን በአሻጥር ትጠየቃለህ» አለው። በአሻጥር የተጠየቀ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

ሙከራው የጥምቀት ሰሞን ሆነ። የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ብረቱን ጠበል ሲረጩት አየሁና፣ ከውጭ ይህን ያህል ከበጀው ከውስጥማ እንዴት ይሆን ብዬ፣ በጠርሙስ የቀረውን በናፍጣው መሙያ አንቆረቆርኩት።

ሞተሩ ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ባቡሩም ሰው ሳይሳፈርበት ዳገቱን ሃያ እርምጃ ያህል ወጥቶ አስነጠሰና ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ። እልል ያለው አፍ ሁሉ እንደተከፈተ ቀረ። ሊቀመንበሩ ወርዶ፣ ከተሰበረው ማጣሪያ የሚንጠባጠበውን በጣቱ አሻሸና «ውሃ!» አለ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች የአባቴን ክንድ ያዙ። እኔ ነኝ ልል አፌን ብከፍት ምላሴን አጣሁት።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አሉ አባ ወልዴ፣ ጠርሙሱን እጄ ላይ እያዩ። «ሰይጣን እንዳያድርበት ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ እርጥብ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «ይሄስ ኋላ ቀርነት እንጂ አሻጥር አይደለም» አለና አባቴን አስለቅቆ፣ ቄሱን ግን ለማንቃት ብሎ አንድ ሳምንት አሰራቸው። ከገደሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነበር፤ ቄስ ሲዋሹ፣ ያውም ለእኔ!

ሲፈቱ መስቀል ልሳለም ሄድኩ። «ና እስቲ፣ አንተ አጥማቂ!» አሉኝ ጆሮዬን ይዘው። «ውሸቱን እኔ ዋሽቼልሃለሁ፣ ስግደቱን አንተ ትሰግድልኛለህ። አርባ!» ሃያ ስምንት እንደሰገድኩ ጓደኞቼ ለጨዋታ ጠሩኝ።

አባቴ ሐዲዱን ለማገዶ ፈለጠው። እኔም ነገ እሰግዳለሁ፣ ነገ እሰግዳለሁ ስል አባ ወልዴ አረፉ። ዛሬ መኪና ድንጋይ ጭኖ በደጄ ሲያልፍ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ያን ጊዜ ጉልበት ሞልቶኝ ሐፍረት አልነበረኝም፤ ዛሬ ሐፍረቱ መጥቷል፣ እንቢ ያለው ጉልበቱ ነው። የአባ ወልዴ አሥራ ሁለት ስግደት አሁንም አለብኝ።