ረጅሙ ዘንግና የገብሱ ጆንያ

ጎሚስታው ሁለቱን ሞተሮች ከአሮጌ ጎማዎች መሃል ጎትቶ አወጣና ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው። አገር ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ ነበር የሸጠለት። አሰላ ላይ የጀልባ ሞተር ማን ይገዛኛል ብሎ እንደገዛቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

«ሁለቱም አንድ ናቸው እህቴ» አለኝ። «ልዩነታቸው እግራቸው ነው። አንዱ ድንክ፣ አንዱ መለሎ። ባል ስትመርጪም እንደዚሁ ነው።»

«ባል ስመርጥ አንተን አላማክርም።»

«ወላሂ፣ አንቺን የሚያገባ ራሱ ነው ምክር የሚያስፈልገው!»

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የምላተምበት ጊዜ ነበር። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን እንግሊዝኛ ማንበብ የምችል እኔ ስለሆንኩ አጎቴ «አንቺ መርጠሽ አምጪ» ብሎ ላከኝ። ከቤት የሚያስወጣኝ ከሆነ ምንም ቢሆን እመርጥ ነበር።

አጎቴ ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ በአርሲ በኩል ባለው ዳርቻ፣ ዓሣ አስጋሪ ነው። ጀልባው የሁለት ሰው ጀልባ ነበረች። አጎቴ ከኋላ መረቡን ይስባል፣ ልጁ ከፊት ተቀምጦ ይቀዝፋል። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ አጎቴ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን ይሞክራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መረቡን ቢይዝ ጀልባዋ ትዞርበታለች፣ መቅዘፊያውን ቢይዝ መረቡ ይሄድበታል። ይሄ ሞተር በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ነው። ቀስ ብሎ እየጎተተ ፊቷን ወደ ነፋሱ ይይዝለታል፣ እሱ መረቡን ይስባል። ነዳጅ በራሽን በሆነበት ዘመን ደግሞ ባትሪ ነዳጅ አይጠይቅም። ጎሚስታው ጋ ይሞላል።

የቀረው የዘንጉ ርዝመት ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ መጥለቅ አለበት። ዘንጉ ካጠረ ማዕበሉ የጀልባዋን አፍንጫ ባነሳ ቁጥር ክንፉ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ጀልባዋም ያለ ጌታ ትቀራለች። ስለዚህ በሁለቱ ዘንጎች ልክ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ቆርጬ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

ጠዋት ነበር። ሐይቁ ተኝቷል። እንጨቶቹን ይዤ ጀልባዋ ውስጥ ልገባ ስል አጎቴ «ቆይ» አለ። ባለቤቱን፣ እትዬን፣ ጠራት። እሷም ከጎጆው የገብስ ጆንያ እየጎተተች መጣች። ከሳጉሬ ዘመዶቻቸው የላኩት ገብስ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«እሱ ነዋ» አለ አጎቴ። «ያለ እሱ ለክተን ሲመጣ ምን ልንሆን ነው?»

ልጁ ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጆንያውን አቆሙት። አጎቴ ራቅ ብሎ ጀልባዋን አየና «ልክ እሱ ሲቀመጥ እንዲህ ነበር የምትሰምጠው» አለ። እትዬ ግን አልጣማትም። የጆንያውን አፍ ፈታች።

«ቀንሱለት እንጂ። እዚያ ከስቶ ይሆናል።»

«ሲመጣ ታበይዋለሽ! ተይው!»

«ሲመጣማ አበላዋለሁ። አሁን ግን የዚህን ያህል አይሆንም።»

እየተጨቃጨቁ በጣሳ ሲቀንሱ፣ ሲጨምሩ፣ እኔ ውኃው ውስጥ ቆሜ እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ ለካሁ። ጆንያው ካለ አጭሩ ይበቃል። ጆንያውን አስወርጄ ለካሁ። አፍንጫዋ ብድግ አለች፣ የአጭሩ እንጨት ጫፍ ውኃውን ነካ አድርጎ ቀረ። ገና ማዕበል ሳይመጣ።

«እንግዲህ አጭሩ ነው» አለ አጎቴ፣ ሁለተኛውን ልክ እንዳላየ ሆኖ።

ያኔ ነው አፌ የቀደመኝ።

«አጎቴ፣ ለሌለ ሰው ሞተር አይገዛም። የሚነዱት ያለችውን ጀልባ ነው። አጭሩን ገዝተው ነፋሱ መሃል ሐይቅ ላይ ቢያገኝዎት፣ ገብሱ ተነስቶ አይቀዝፍልዎትም።»

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። እትዬ የጆንያውን አፍ ማሰር ጀመረች፣ አሰረችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አሰረችው። አጎቴ እጁን ውኃ ውስጥ ታጠበ። እጁ ግን አልቆሸሸም ነበር።

«ረጅሙን አምጪ» አለኝ።

አመጣሁ። ለጎሚስታው ጊደር ተሰጥቶበት ረጅሙ መጣ፣ ታሰረ፣ ሠራም። በነፋስ እንኳ አጎቴ መረቡን ብቻውን ስቦ ይመለስ ጀመር። ልክ ነበርኩ። ይኸው ነው የሚበላኝ። ተሳስቼ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር።

ነገሩ፣ ሌላም የምለው ነበረኝ። ሞተሩ ከጀልባዋ ጋር በሚታሰርበት ላይ ብሎን አለው። ብሎኑን ላላ አድርጎ ረጅሙን ዘንግ ወደ ላይ ማሳጠር ይቻላል፣ አጭሩን ግን ማስረዘም አይቻልም። ወረቀቱ ላይ አንብቤዋለሁ። «ረጅሙን እንግዛ፣ እሱ ሲመጣ እናሳጥረዋለን» ማለት እችል ነበር። ያው ሞተር፣ ያው ጥቅም ነው። እትዬም ጆንያዋን በሰላም ተሸክማ ትገባ ነበር። ግን እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ ሰልችቶኝ ነበር፣ አጭሩ መንገድ የመሰለኝን ተናገርኩ።

ባትሪውን ወደ አሰላ ማመላለስ የእኔ ሥራ ሆነ። በወረድኩ ቁጥር እትዬ ዓሣ ጠብሳ ታበላኛለች፣ እሾሁን ራሷ ትለቅምልኛለች። ደግነቷ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ከልጇ ወሬ አልመጣም። እኔም አልጠይቅም።

ባለፈው ስወርድ አጎቴ ሊወጣ ሲል ደረስኩ። ጆንያው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ብሎኑ ላልቶ ዘንጉ ከፍ ብሏል። ሳልነግረው ራሱ አግኝቶታል። ክብደት ሲጨመር ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ባትሪውን የምሸከመው እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። ባትሪውን አቀበልኩት።

እትዬ በጣሳ ገብስ ይዛ መጣች።

«የበፊቱን ነቀዝ በላው፣ ይሄ አዲስ ነው» አለች። ከዚያ ዓይኔን ሳታይ፦ «አንቺ ልክ ታውቂያለሽ። እስቲ አንሺው፣ ይበቃል?»

ጆንያውን አቅፌ አነሳሁት። ከበፊቱ ይከብዳል። ያለ ገብሱም ጀልባዋ ደህና ትሄዳለች።

«ትንሽ ይጨምሩበት» አልኳት።

እትዬ ጣሳውን ገለበጠች። አጎቴ ሞተሩን ሊያስነሳ ጎንበስ እንዳለ፣ ጀልባዋ በፊቷ ዝቅ ስትል አየና አጉረመረመ።

«ይሄ ልጅ እዚያ ይበላል ማለት ነው።»