የገዳሟ ፓምፕና አመድ መሳዩ ቅብ

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ኮምቦልቻ፣ አለቃዬ ጋሽ ንጉሤ አንድ የሞተር ክዳን ወረወሩልኝ። ይከብዳል ብዬ ወገቤን አጥብቄ ተቀበልኩት፤ እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ።

«ማግኒዚየም ይባላል» አሉኝ። «ሲሸከሙት ደስ ይላል። ጨውና ኮምጣጣ ሲነካው ግን እየተበላ ያልቃል። የእኛ እንጀራ እሱ ነው።»

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ዕቃው ከቅባት ይጸዳል፣ ኬሚካል የተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ያኔ ላዩ ላይ ጥቃቅን ብልጭታ ይርመሰመሳል፤ ብረቱም ከራሱ ገላ ጠንካራ የሴራሚክ ቅብ ያበቅላል። ችግሩ ሲወጣ አመድ የነሰነሱበት መምሰሉ ነው። ደንበኛ አንጸባራቂ ነገር ጠብቆ ይህን ሲረከብ ፊቱ ይጠቁራል። ከመብራት መጥፋት ቀጥሎ የሙያችን ጠላት ይኸው ነው።

ከዓመታት በኋላ ላሊበላ ገብቼ የራሴን ገንዳ ተከልኩ። የአስጎብኚ ካሜራ፣ የሠርግ መቅረጫ ድሮን፣ የሞተር ሳይክል ክዳን ይመጣልኝ ጀመር። አንድ ቀን በብልባላ በኩል ካለች ገዳም አባ ዘሚካኤል ፓምፕ ተሸክመው መጡ።

አባ ዘሚካኤል የገዳሟ ዕቃ ቤት ናቸው፤ መስቀሉን፣ ጽናውን፣ ጸናጽሉን የሚጠብቁና የሚወለውሉ። ፓምፑን የለገሰው አንድ ጎብኚ ነው። የመኪና መንገድ ስለሌለ ቀላሉ የማግኒዚየም ፓምፕ ተመረጠ። ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውኃ ወደ ላይ ይገፋል። ፓምፑ ሳይመጣ በፊት ለአረጋውያኑ መነኮሳት ውኃ በጀርባቸው የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ወገባቸው እስከ ዛሬ አልተቃናም።

የተበላውን አስበይጄ ቀባሁላቸውና «እንዳይፈተግ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከገና በኋላ ተመልሰው መጡ። ፓምፑ እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ ጎኑ ተበስቷል።

«አባቴ፣ ምን አደረጉት?»

«በዓል አይደለም እንዴ! በአሸዋና በሎሚ ፈተግሁታ። ሳምንት ፈጀብኝ።»

ቅቡ ጠንካራ ነው፤ እሳቸው ግን ይብሳሉ። ስለ አሲድ፣ ስለ ጨው፣ ስለ እርጥበት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉ። «ግን የገዳም ዕቃ እንደዚያ አመድ መስሎ ሲታይ ነውር አይደለም?»

ትከሻቸው ላይ የጀሪካኑ ገመድ የፈጀውን ቁስል ያየሁት ያኔ ነው። አንጀቴን በሉት። ተናደድኩም፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። የሚወዱትን ፓምፕ የገደሉት ወደውት ነው።

እንደገና አስበይጄ ቀባሁት። ሳስረክባቸው እጃቸው ወዲያው በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውለው ጀመር። ቸገረኝና የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አባቴ፣ ፓምፑ መንኩሷል። ይኸ የምንኩስና ልብሱ ነው።»

እጃቸው ቆመ። የራሳቸውን የወየበ ቀሚስ አዩ፣ ፓምፑን አዩ።

«ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም ኖሯል?»

ከዚያ ወዲያ ሎሚ አልነካውም። ውኃው ያለማቋረጥ ወጣ። እኔም በየሻይ ቤቱ ኬሚስትሪን በአንድ ቃል ያሸነፍኩ ሰው ሆንኩ።

ጎማ ግን ጎማ ነው፤ በፓምፑ ውስጥ ያለው ማሸጊያ አረጀና ውኃው ቀጠነ። ተጠርቼ መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ። አባ ዘሚካኤል ፓምፑ ፊት ቆመው ጠበቁኝ። ጀሪካኑ ዳግም ጀርባቸው ላይ ነው።

«የመነኮሰን ልብስ ልታወልቅ?»

«አባቴ፣ ውስጡን ካልከፈትኩ ጎማውን እንዴት ልቀይር?»

«መንኩሷል ያልከኝ አንተ! ልብሱ ነው ያልከኝ አንተ!»

ኬሚስትሪው ቢሆን ኖሮ እንኳ እከራከር ነበር። ጉዳዩ አበምኔቱ ዘንድ ደረሰ። ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ጢማቸውን አሻሹ፣ ፈረዱ።

«መነኩሴም ሲታመም ሐኪም ያየዋል። ይፈታ።»

አባ ዘሚካኤል ታዘዙ። ብሎኖቹን ስፈታ ግን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆሙ፤ ክዳኑ ተመልሶ እስኪታሰር አልዞሩም። ውኃው ሲወጣ ሰምተው ጀሪካኑን ከጀርባቸው አወረዱ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቅብ ለደንበኛ ስታስረክቡ እንዴት እንደሚጠበቅ ብቻ ሳይሆን ዕቃው መቼ እንደሚከፈትም በዚያው ቀን ንገሩት።