መዳብ የለጠፍንባት ጀልባ

በደርግ ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ በተመረቅሁ በዓመቱ፣ ሐይቅ ከተማ በሚገኝ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የቴክኒክ ባለሙያ ሆኜ ተመደብሁ። ማኅበሩ ሁለት የብረት ጀልባዎች ነበሩት። የአንደኛዋ ወለል ዝጎ ሲበሳ፣ ቀዳዳው በመዳብ ቆርቆሮ እንዲለጠፍ አዘዝሁ፤ መዳብ እንደ ብረት አይዝግምና።

የማኅበሩ ቀጥቃጭ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ለብረት ብረት ይሻለዋል» አሉኝ። «የመዳብ ድስት በብረት ምስማር ጠግኜ አውቃለሁ። ውኃ ሲነካቸው፣ ወላሂ፣ መዳቡ ምስማሩን ይበላዋል።»

«አባባ፣ ይህ በትምህርት የተረጋገጠ ነው» አልኋቸው።

ያረጋገጥሁት አንዳች ነገር አልነበረም። እንዲያውም እሳቸው ያሉት ራሴ ተምሬ የተፈተንሁበት ነገር ነበር፤ ከደብተር አውጥቼ ጀልባ ላይ ለማየት ግን አልቻልሁም።

እንደታዘዙት ልጣፉን በብረት ምስማር ቸነከሩት። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ሁለት አስጋሪዎች ይዘዋት ከዳር ብዙም ሳይርቁ፣ ልጣፉ ወለቀ። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ጥለው እየዋኙ ወጡ፤ ጀልባይቱን በገመድ ጎትተን አወጣናት።

ስለ አደጋው በተጠራው ስብሰባ ላይ ከሁለቱ አስጋሪዎች አንዱ እንደ መርፌ የቀጠነ ምስማር ከፍ አድርጎ አሳየና ወደ ቀጥቃጩ ጠቆመ።

«እኒህ ሰው፣ ዓሣው አልበቃ ቢላቸው ብረታችንን ጀመሩት!»

ሰዉ ሳቀ። «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው» የሚለውን የቆየ ሐሜት የማያውቅ አልነበረም። ሳቁ ሲበርድ ሌላው፣ «እጃቸውን ከጀልባችን ያንሡልን» አለ።

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ እስክናገር ጠበቁ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ስሕተት «አሻጥር» ሊባል ይችል ነበር። ፈርቼ ነበር ብል እውነት ነው። አፌን የያዘኝ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ፣ ያልተማረ ሰው ነግሮኝ ነበር ማለትን መጠየፌ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ «የጥገና ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምሁ። እሳቸው ወናፋቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ሁለተኛይቱ ጀልባ ስትበሳ ሁለቱም በብረት እንዲለጠፉ አዘዝሁ። ልጣፉ ጸና። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በጉባኤ ፊት «ትምህርት ማለት ይህ ነው» ብለው አመሰገኑኝ፤ ተጨበጨበልኝ።

ከዓመት በኋላ ሽማግሌውን ውጫሌ ገበያ ማጭድ ዘርግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ! ጀልባይቱስ ደኅና ናት?»

«በብረት አስለጠፍናት» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ደስታቸው ከልብ ነበር።

ልነግራቸው የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የማጭዶቻቸውን ስለት አድንቄ ተሰናበትኋቸው።